ሳተላይቱ መንገድ አያውቅም

«ሳተላይቱ አገራችንን አያውቅም፤ ፕሮግራም አድርግልኝ።» ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ በምሠራበት ጋራዥ ይህን ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። በቅርቡም አንድ የእህል ነጋዴ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና ገዝተው፣ ይህንኑ ይዘው መጡ። መንገድ የሚያሳየውን ስክሪን፣ ናቪጌሽኑን፣ ከፈትኩት። ቀስቷ ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ቆማለች፤ አንድ መንገድ፣ አንድ የቦታ ስም የለም። «አየህ፣ ሰማዩን አልያዘም» አሉኝ። ወደ መረጃው ገጽ ገባሁ። ዘጠኝ ሳተላይት ይዟል። ሰሜን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ይላል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ሳይሆን ደብረ ብርሃን ነው። «ጋሼ፣ ሰማዩንስ ይዟል። የሌለው ካርታው ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም።

እንግዲህ አንዴ ልናገረውና ልረፍ። ቦታ የሚያሳውቀው የጂፒኤስ ሳተላይት ካርታ አይልክም፣ መንገድ አይመርጥም፣ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አይልም፣ እናንተንም አያይም። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እየዞረ፣ በላዩ ባለው የአቶሚክ ሰዓት ሰዓቱ ስንት እንደሆነና እርሱ ራሱ የት እንዳለ ይናገራል። ሥራው ይኸው ነው። መኪናው መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አስልቶ ርቀቱን ያገኛል፤ መብረቁን ዓይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የሚቆጥር እረኛ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል። የመኪናው ሰዓት ደግሞ ርካሽ ነው። ሦስት ሳተላይት የማይበቃውና አራተኛ የሚያስፈልገው ይህንን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው።

የቀረው ሁሉ ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ካርታው በካርድ፣ በዲስክ ወይም በስክሪኑ ማኅደር ተጭኗል፤ አውሮፓ ከተጫነ አውሮፓን ብቻ ያውቃል። ካርዱን ከሌላ መኪና ነቅሎ መሰካትም አይረዳም፤ እያንዳንዱ አምራች የሚያነበው የራሱን ዓይነት ካርታ ነው። «ፕሮግራም አደርገዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ካለ፣ የኢትዮጵያን ካርታ ስክሪኑ ላይ ሳያሳያችሁ አንድ ብር አትስጡ።

የማያምን ጣርማ በር ይውጣ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚያ ዋሻ ውስጥ ሰማይ የለም፣ ስለዚህ ሳተላይትም የለም። ሆኖም ካርታው የተሟላ፣ ከፋብሪካ የተገጠመ ናቪጌሽን ያለው የአንድ ደንበኛ መኪና ይዤ ስገባ ቀስቷ ሳትቆም ሄደች፤ በደብረ ሲና በኩል ስንወጣ ጥቂት ሜትር ሸርተት ብላ ቦታዋን አስተካከለች። መኪናው የጎማውን ዙር ይቆጥራል፣ መታጠፉንም ጋይሮስኮፕ በሚባል መዞርን በሚለካ መሣሪያ ያውቃል፤ ከመጨረሻው የታወቀ ቦታ ተነሥቶ ራሱ ይገምታል። (ከልኩ የሚበልጥ ጎማ የምታስገቡ ይህንን ስሌት እያበላሻችሁ እንደሆነ እወቁት።) ስልክ ግን ከጎማው ጋር አልተገናኘም፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ጉም ይጋርደዋል የሚሉም አሉ። አይጋርደውም፤ የጣርማ በር ጉም የሚጋርደው የእናንተን ዓይን ነው። ያለ ኢንተርኔት አይሠራም? የተጫነ ካርታ ካለው ይሠራል። በሳተላይቱ ይከታተሉናል? መቀበያው ሰሚ ብቻ ነው፤ መኪናው ያለበትን ለሌላ ሰው የሚናገረው ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ ሲገጠምለት ነው። ሰዓቱ ተሳስቷል? የሰዓት ክልሉን ከግሪኒች በሦስት ሰዓት በሚቀድመው ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት የእኛ አቆጣጠር እንጂ ብልሽት አይደለም።

በእውነት ሰማዩን ያልያዘ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምፈልገው አንቴናውን ነው። ስክሪን ሲቀየር ከጀርባው የሚሰካ፣ ክብሪት ሣጥን የማያህል ጥቁር ባለ ማግኔት ነገር አለ። ሠራተኛው ሳይሰካው ይተወዋል፣ ወይም ከዳሽቦርዱ ብረት ሥር ወሽቆት ይሄዳል። ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ከመስታወቱ ሥር ይሁን። መስታወቱ ብረት ያለበት ላስቲክ ከተለጠፈበት ግን እዚያም አይሰማም። ባትሪ ተነቅሎ ከቆየም፣ መኪናውን ገላጣ ቦታ አቁማችሁ ሩብ ሰዓት ታገሡት፤ የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር እንደ አዲስ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በሁለተኛው ደቂቃ ወደ እኔ አትምጡ።

ነጋዴው በመጨረሻ ስልካቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ገጥመው ወደ ሸዋ ሮቢት ወረዱ። በማግሥቱ ደወሉልኝ። ዋሻው ውስጥ ቀስቷ ቆማባቸው ነበር። «አላልኩህም?» አሉ፣ «ሳተላይቱ አገራችንን አያውቅም።»