የሰርቨር ባክአፕ ሲንቀራፈፍ፦ ማነቆው የት ነው?

ባክአፕ የሰርቨርን መረጃ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በባንኩም፣ በሆስፒታሉም፣ በዩኒቨርሲቲውም ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሌሊት ነው። ቀን ላይ ሰርቨሩ ለሰው ይፈለጋል። ስለዚህ ለባክአፑ የተወሰነ ሰዓት ይመደብለታል፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ነገሩ የሚፈነዳው ጠዋት ሠራተኛ ገብቶ «ሲስተሙ ተኝቷል» ማለት ሲጀምር ነው። ገብተው ሲያዩት ባክአፑ ገና 60 በመቶ ላይ ነው።

ያኔ ሁሉም ጣቱን ወደ ኔትወርክ ይቀስራል። የኔትወርኩ ባለሙያ ደግሞ «የእኔ መስመር ምንም አልሆነም» ይላል። የሰርቨሩ ሰው አይቀበለውም። ክርክሩ ቀናት ይፈጃል፤ አንዳቸውም ግን የለኩት ነገር የለም። ኔትወርክ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ከሚታማው ያነሰ ነው።

ሂሳቡ ይቅደም

የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 1 ጊጋ ቢት የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋ ባይት ያሳልፋል። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ፓኬት (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) የሚሸከመው የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ ይቀነሳል። ለፋይሉ የሚተርፈው 118 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በተግባር 110 ካገኙ መስመሩ ጤነኛ ነው።

በዚህ ፍጥነት በስምንት ሰዓት ውስጥ የሚያልፈው ወደ 3.2 ቴራ ባይት ነው። 10 ቴራ ባይት ያለው ድርጅት በየሌሊቱ ሙሉ ባክአፕ ልውሰድ ቢል ከ25 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም። መስመሩ አይበቃም፣ አለቀ። ወይ 10 ጊጋ ቢት መስመር መዘርጋት ነው፣ ወይ ሙሉውን በሳምንት አንዴ ወስዶ በሌላው ሌሊት የተለወጠውን ብቻ መቅዳት። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ቪስፌር 4 በተባለ የምናባዊ ሰርቨሮች ሶፍትዌር ላይ የተለወጡ የዲስክ ብሎኮችን (ቁራጮችን) መዝግቦ የሚይዝ አሠራር ያስገባው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ዲስኩን በሙሉ ማንበብ አይጠበቅበትም።

የሚያሳስበው ፍጥነቱ ሂሳቡ ከሚፈቅደው በጣም ሲወርድ ነው። አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ በሽታውን ይናገራል። በ1 ጊጋ ቢት ኔትወርክ ላይ ፍጥነቱ 11 ሜጋ ባይት ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ የሆነ ቦታ ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋ ቢት ወርዷል ማለት ነው። ጊጋ ቢት በመዳብ ኬብል ላይ አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል። 100 ሜጋ ቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃዋል። አንድ ሽቦ ሲበጠስ ወይም የኬብሉ ጫፍ በደንብ ሳይያዝ ሲቀር የኔትወርክ ካርዱ ዝም ብሎ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። መብራቱ ይበራል፣ ፒንግ (ማሽኑ መኖሩን የሚጠይቅ ትንሽ መልእክት) ይመልሳል፣ ማንም አይጠረጥርም። ስዊቹ (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ዕቃ) ላይ ገብቶ የፖርቱን ፍጥነት ማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አራቱ ደረጃዎች

መረጃው ከምንጩ ዲስክ ይነበባል። ከዚያ ይጨመቃል፤ ብዙ ጊዜም ይመሰጠራል። በኔትወርክ ይጓዛል። መጨረሻ ላይ መድረሻው ዲስክ ወይም ቴፕ ላይ ይጻፋል። የጠቅላላው ሥራ ፍጥነት ከአራቱ የቀርፋፋው ፍጥነት ነው። ቀርፋፋውን ሳይነኩ ሌላውን ማሻሻል ገንዘብ መጣል ነው። የ10 ጊጋ ቢት ስዊች ተገዝቶ ባክአፑ በአንድ ደቂቃ እንኳ ያልፈጠነበት መሥሪያ ቤት ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ ለብቻው መለካት ነው። ኔትወርኩን ብቻ ለመለካት አይፐርፍ የተባለው ነጻ መሣሪያ ይበቃል። በሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ይጫናል፤ ከአንዱ ራም (የሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወደ ሌላው ራም መረጃ ይልካል፤ ዲስክ አይነካም። በጊጋ ቢት መስመር ላይ 940 ሜጋ ቢት አካባቢ ካሳየ ኔትወርኩን ይተዉት። ንባቡን ለመለካት ባክአፑን ምንም ወደማይጽፍ ባዶ መድረሻ ማስኬድ ነው። ጽሕፈቱን ለመለካት መድረሻው ላይ ትልቅ ፋይል መጻፍ። ፋይሉ ግን ከሰርቨሩ ራም የበለጠ ይሁን፤ አለበለዚያ የሚለኩት ዲስኩን ሳይሆን ራሙን ነው። እንደ ቪም ያሉ አንዳንድ የባክአፕ ሶፍትዌሮች ይህን ራሳቸው ያሳያሉ። ሥራው ሲያልቅ ምንጩ፣ አቀናባሪው (መረጃውን የሚጨምቀውና የሚያስተላልፈው)፣ ኔትወርኩና መድረሻው እያንዳንዳቸው ስንት በመቶ ጊዜ ሥራ ላይ እንደነበሩ አንድ መስመር ላይ ይጽፋሉ። ምንጩ 99፣ ኔትወርኩ 5 ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። የሚገርመው ያንን መስመር የሚያነበው ሰው ማነሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ምንጩ ላይ ነው። ዋናው ተጠያቂ ደግሞ የትናንሽ ፋይሎች ብዛት ነው። አንድ ሚሊዮን ፋይል እንበል፤ እያንዳንዱ 4 ኪሎ ባይት። ሁሉም ተደምሮ 4 ጊጋ ባይት ነው፤ በጊጋ ቢት መስመር ከአንድ ደቂቃ በታች ያልፋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፋይል ይፈለጋል፣ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይዘጋል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ ብቻ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። በፋይል 10 ሚሊ ሰከንድ ብንይዝ አንድ ሚሊዮኑ 10,000 ሰከንድ ነው። ይህ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ስካን የተደረጉ ሰነዶች፣ የኢሜይል ማኅደሮችና የድረ ገጽ ፎቶዎች ያሉበት ሰርቨር ሁሌም እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ አንቲቫይረሱ እያንዳንዱን የሚከፈት ፋይል ከመረመረ ጉዱ ይብሳል። መውጫው ፋይል በፋይል መቅዳቱን ትቶ ዲስኩን በብሎክ ደረጃ እንዳለ መቅዳት ነው። ያ ካልተቻለ በርካታ ፋይሎችን ጎን ለጎን ማንበብ ይረዳል።

መድረሻው ላይ

አንዳንድ ባክአፕ ጥሩ ይጀምርና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሞታል። ይህ የመድረሻ ዲስክ ምልክት ነው። ትራኮቻቸውን እንደ ጣሪያ ክዳን አነባብረው የሚጽፉ ዲስኮች ፈጣን ማረፊያ ቦታቸው እስኪሞላ ድረስ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ይወድቃሉ። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ ሬድ የተባሉ ዲስኮቹ በዚህ መንገድ እንደሚጽፉ ያመነው ገዢዎች በሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ አደረጃጀት) ውስጥ ሲያስቸግሯቸው ከርመው ነው።

ሬይድ ራሱም ዋጋ አለው። በሬይድ 5 አንድ ትንሽ ጽሕፈት አራት የዲስክ ሥራ ይጠይቃል፤ በሬይድ 6 ደግሞ ስድስት። የሬይድ ካርዱ ማስታወሻ ይህን ይሸፍናል፤ ባትሪው በሕይወት እስካለ ድረስ። ባትሪው ሲሞት ካርዱ መብራት ቢጠፋ መረጃ እንዳይጠፋ ብሎ ማስታወሻውን ይተውና በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ፍጥነቱ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። የሚታየው ምልክት ማንም ከፍቶ በማያየው የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ቢጫ ማስጠንቀቂያ ናት።

ተደጋጋሚ መረጃን የሚያስቀሩ የማከማቻ ዕቃዎች ሌላ አመል አላቸው። ተመስጥሮ ወይም ተጨምቆ የመጣላቸው መረጃ ሁሉ አዲስ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ምንጩ ላይ ምስጠራ የከፈተ ሰው መድረሻው ለምን ቶሎ እንደሞላ ሲጨነቅ ይከርማል። ዕቃው የማያስፈልገውን የሚያጸዳበት ሰዓት ከባክአፑ ጋር ከገጠመም ሁለቱም ይጎተታሉ።

ቴፕ ደግሞ ቀስ ብለው ሲመግቡት አይወድም። ኤልቲኦ የተባለው የቴፕ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀምር አንዱ ካርትሪጅ 100 ጊጋ ባይት ይይዝ ነበር። ኤልቲኦ 9 ያለ ጭመቃ 18 ቴራ ባይት ይይዛል፤ በሰከንድም እስከ 400 ሜጋ ባይት ይጽፋል። የጊጋ ቢት መስመር የዚህን ሲሶ እንኳ አያቀርብለትም። መረጃው ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲመጣ ቴፑ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ጊዜውም ይባክናል፣ ዕቃውም ያረጃል። ስለዚህ በቅድሚያ ዲስክ ላይ አጠራቅሞ ከዚያ ወደ ቴፕ መገልበጡ የተለመደ ነው።

ጥፋቱ በእርግጥ የኔትወርኩ ሲሆን

አይፐርፍም ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየ ወደ መስመሩ መሄድ ነው። የድሮው ታዋቂ ጥፋት የዱፕሌክስ አለመግጠም ነው፤ ሙሉ ዱፕሌክስ በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል፣ ግማሽ ዱፕሌክስ ግን በተራ ነው። አንዱ ወገን በእጅ «100 ሙሉ ዱፕሌክስ» ተብሎ ይስተካከላል፤ ሌላው ራሱ እንዲደራደር ይተዋል። ተደራዳሪው መልስ ስለማያገኝ ግማሽ ዱፕሌክስን ይይዛል። ፒንግ ደህና ነው፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ሁለቱ እየተጋጩ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል። በግማሹ ወገን የዘገዩ ግጭቶች፣ በሙሉው ወገን የሲአርሲ ስሕተቶች (ተበላሽተው የደረሱ ፓኬቶች) እየጨመሩ ይታያሉ። ሁለቱንም ወደ ራስ ሰር ድርድር መመለስ ነው።

ሌላው የተሳሳተ ተስፋ መስመሮችን ማጣመር ነው። አራት የጊጋ ቢት ኬብሎች ሲጣመሩ አንድ የ4 ጊጋ ቢት መስመር የተሠራ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደ ቀለበት መንገድ ነው፤ መስመሩ ቢበዛም አንድ መኪና የሚነዳው በአንዱ ላይ ነው። አንድ የባክአፕ ግንኙነትም በአንዱ ኬብል ብቻ ይሄዳል። የሚጠቅመው ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ሲልኩ ነው።

ጃምቦ ፍሬም ላይ መጣደፍም አልወድም። ፓኬቱን ከ1500 ወደ 9000 ባይት ማሳደግ የፕሮሰሰሩን ሥራ ያቀላል፤ በፍጥነት ላይ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ስዊች ከተረሳ ደግሞ ትላልቆቹ ፓኬቶች ይጠፋሉ። ያደረገው ሰው ካለ ግን 8972 ባይት የጫነ ፒንግ እንዳይከፋፈል አድርጎ ይላክ። ካልደረሰ መንገዱ ላይ የተረሳ አለ።

የፋየርዎል ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የባክአፕ ሰርቨሩ በሌላ ቪላን (በተለየ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ከሆነ በየሌሊቱ ቴራ ባይቶቹ በሙሉ በፋየርዎሉ ሆድ ያልፋሉ። ፋየርዎሉ እያንዳንዱን ፓኬት ሲፈትሽ ፍጥነቱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በጣም ያንሳል። ለባክአፕ የተለየ መስመር ማውጣት ሁሌም ያዋጣል።

ርቀት ሲገባበት ሌላ ጨዋታ ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ወዳለ ክላውድ ባክአፕ የሚልክ ድርጅት መረጃው በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ በባሕር ሥር ኬብል ይሄዳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህን በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም። መረጃውን የሚያጓጉዘው ቲሲፒ የተባለ ደንብ ደግሞ የተወሰነ መጠን ልኮ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል። በጥንቱ አሠራር ያ መጠን (መስኮት ይባላል) ቢበዛ 64 ኪሎ ባይት ነው። ምልልሱ 120 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ የገዙት መስመር 100 ሜጋ ቢት ቢሆንም፣ በአንድ ግንኙነት የሚያገኙት 4.4 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። መቶውን ለመሙላት 1.5 ሜጋ ባይት መስኮት ያስፈልጋል። መስኮቱን እስከ 1 ጊጋ ባይት የሚያሰፋው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቷል፤ የዛሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችም ራሳቸው ያስተካክሉታል። ችግሩ መጠኑን በቋሚነት የወሰነ አሮጌ ሶፍትዌር ወይም መሐል ላይ ያለ አሮጌ ፋየርዎል ይህን ሊያበላሸው መቻሉ ነው።

የጠፋ ፓኬትም በሩቅ መስመር ላይ ጉዳቱ ይበዛል። ተመራማሪው ማቲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳዩት ቀመር መሠረት፣ በዚያው የ120 ሚሊ ሰከንድ መስመር ከሺህ ፓኬት አንድ ብቻ ቢጠፋ አንድ የተለመደ የቲሲፒ ግንኙነት 4 ሜጋ ቢት እንኳ አይደርስም። መፍትሔው ብዙ ግንኙነቶችን ጎን ለጎን መክፈት ነው። ለመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ግን ዲስክ ይዞ መሄዱ አንዳንዴ ከሁሉም ይፈጥናል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2015 ስኖውቦል የተባለውን በፖስታ የሚላክ የዲስክ ሳጥን ያወጣው ለዚሁ ነው።

መመለሱስ?

ባክአፑን ለማፋጠን የሚደከመውን ያህል መልሶ የማምጫው ፍጥነት አይለካም። የሶፍትዌር ሠሪዎችን ኮድ የሚያስቀምጠው ጊትላብ ጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ለዚህ ይጠቀሳል። አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ፤ ወደ 300 ጊጋ ባይት ነበሩ። ወደ አማዞን ይላካል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ ባዶ ነበር። ሥራው በተሳሳተ የሶፍትዌር ስሪት እየተሞከረ ሲከሽፍ ከርሟል፤ ማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። የተረፈው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሙከራ ሰርቨር የተወሰደ ቅጂ ነው። ያ ሰርቨር ደግሞ ርካሽ የኔትወርክ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፍጥነቱ በ60 ሜጋ ቢት አካባቢ ተገድቧል። መረጃውን ወደ ቦታው መልሶ ለመቅዳት ብቻ ወደ 18 ሰዓት ፈጀ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ በዝርዝር አውጥቶ ነገረ።

ተደጋጋሚ መረጃን የሚያስቀሩ ዕቃዎች ላይ መመለሱ ከመቅዳቱ ሊዘገይ ይችላል፤ የተበታተኑ ቁርጥራጮችን መሰብሰብ አለባቸውና። በየሩብ ዓመቱ አንድ ትልቅ ሰርቨር ወደ ባዶ ማሽን መልሶ ሰዓቱን መመዝገብ ይገባል። ያ ቁጥር ለአለቃ የሚቀርብ ነው፤ «ዳታቤዙ ቢጠፋ ሥራ የምንጀምረው ከ14 ሰዓት በኋላ ነው» ሲባል ስለ አዲስ ዲስክ በጀት የሚደረገው ንግግር በጣም ያጥራል።