ሲዲ ፎር እና ቫይራል ሎድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኤችአይቪ የት እንደደረሰና ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሁለት የደም ምርመራዎች ይበቃሉ። ሲዲ ፎር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የቀሩትን ሲዲ ፎር የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይቆጥራል። ቫይራል ሎድ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ያለውን የቫይረስ ቅጂ ይለካል። የመጀመሪያው እስከዛሬ የደረሰውን ጉዳት፣ ሁለተኛው ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይናገራል። ብዙው ስህተት የሚመጣው የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ከማቅረብ ነው።

«ሲዲ ፎሬ ከ520 ወደ 430 ወረደ፤ መድኃኒቱ አልሠራም»

የ90 ልዩነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሲዲ ፎር ጠዋት ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ትኩሳት ያለው ሕመም ያወርደዋል፤ በእርግዝና ጊዜም ደም ስለሚቀጥን ቁጥሩ ይቀንሳል። እንደ እውነተኛ ለውጥ የሚቆጠረው ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲለዋወጥ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል በአንድ ላቦራቶሪ መመርመር፣ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውንም የሲዲ ፎር መቶኛ (ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን ድርሻ) ማየት ይገባል፤ መቶኛው የተረጋጋ ነው። ከውጭ አገር መለኪያ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአቃቂና በወንጂ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲ ፎር 775 ገደማ፣ ከኔዘርላንዳውያን በግልጽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚመሰክረው ቫይራል ሎድ ነው።

«ቫይራል ሎድ ካለ ሲዲ ፎር አያስፈልግም»

ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ቫይረሱ በመድኃኒት ጥቂት ወራት ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሊሆን ሲችል፣ የተጎዳው መከላከያ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል። ሕክምና የሚጀምር፣ አቋርጦ የተመለሰ ወይም የታመመ ሰው ሲዲ ፎሩ መታወቅ አለበት። ከ200 በታች ከሆነ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው፤ የቲቢና የክሪፕቶኮከስ (የማጅራት ገትር የሚያመጣ ፈንገስ) ምርመራ ወዲያው ይደረግለታል። የክሪፕቶኮከስ ምልክት የማጅራት ገትር ሕመሙ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ በደም ውስጥ ይገኛል፤ ያኔ ከተያዘ በሚዋጥ መድኃኒት መከላከል ይቻላል። ሲዲ ፎሩ ያገገመና ቫይራል ሎዱ በየጊዜው የሚታይለት ሰው ግን መደጋገሙ አያስፈልገውም።

«ቫይራል ሎድ ከ1000 በላይ ከሆነ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዷል»

መጀመሪያ የሚጠየቀው አወሳሰዱ ነው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከጨጓራ አሲድ ማስታገሻ (አንታሲድ) ጋር አብሮ ከተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ከማስታገሻው 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። የአይረንና የካልሲየም እንክብል በባዶ ሆድም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል። የአወሳሰድ ምክር ከተሰጠ በኋላ ምርመራው በ3 ወር ይደገማል።

ናሙናውም ያሳስታል። በሐምራዊ ክዳን ቱቦ የተቀዳ ደም በ24 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው መለየት አለበት። ሳይለይ በረዶ ከሆነ ሴሎቹ ይፈነዱና በውስጣቸው ያለው የቫይረስ ዘር ፕላዝማው ውስጥ ይፈስሳል፤ ቁጥሩም ያለአግባብ ይጨምራል። በወረቀት ላይ የደረቀ ደም በሴሎች ውስጥ ያለውንም ስለሚቆጥር ዝቅተኛ ውጤት ላይ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

«ቫይራል ሎዴ አይታይም ከተባለ ድኛለሁ»

አልዳነም። ቫይረሱ በተኙ ሴሎች ውስጥ ተደብቋል፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው የ5,472 ሰዎች ጥናት ሲዲ ፎር ከ350 ሲያልፍ መድኃኒት ማቆምን ሞክሮ ነበር፤ ያቋረጡት በይበልጥ ታመሙ፣ በይበልጥም ሞቱ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቫይራል ሎዱ የማይታይ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም፤ ይህን በድፍረት መናገር ያስፈልጋል።

«አዲሶቹ ምርመራዎች ይሻላሉ»

መድኃኒት ማቆምን በሞከረው በዚያው ጥናት ኢንተርሉኪን 6 እና ዲ-ዳይመር የተባሉት የደም ጠቋሚዎች ከፍ ያሉባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለተመራማሪ ይጠቅማሉ። ለአንድ ታካሚ ግን ማንኛውም ኢንፌክሽን ከፍ ስለሚያደርጋቸውና ሕክምናውን የሚያስቀይር የተስማሙበት ወሰን ስለሌለ፣ ለዚሁ ብሎ ከኪስ ከፍሎ መመርመር አይመከርም።