ራሙ ላይ 3600 ተጽፎ ለምን በ3600 አይነሳም?

ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው፣ በማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ገጽ ማለትም በባዮስ ውስጥ ያለው ቅንብር) ከበራ በኋላ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ሳይገባ እየጠፋ ሲነሳ፣ ብዙ ሰው ራሙ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ መደበኛ የፍጥነት ጣሪያ 3200 ነው፣ በ1.2 ቮልት። 3600 ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1.35 ቮልት የሚሠራ፣ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ ማፍጠን፣ ነው። አምራቹ የፈተነው ራሙን እንጂ የእርስዎን ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ አይደለም።

ለምሳሌ 2 ፍሬ ራም በ3600 ሰላም ሲሠራ ቆይቶ 4 ሲደረግ ማስነሻው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ጫና በዝቶበታል። 3200 ላይ ሲወርድ ከተረጋጋ፣ ጥፋቱ የራሙ ላይሆን ይችላል።

ስክሪኑ ጭራሽ ካልበራ ሲሞስ (የባዮስ ቅንብር የሚቀመጥበት) ይጽዳ፦ የኃይል ገመዱን ነቅሎ፣ ክቧን ባትሪ አውጥቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መመለስ። ቀጥሎ ኤክስኤምፒን መልሶ አብርቶ ፍጥነቱን ብቻ ወደ 3400፣ ካልሆነም ወደ 3200 ማውረድ። ከዚያ ሜምቴስት86 በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም አራት ዙር መፈተሽ፤ አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ቅንብሩ አልተረጋጋም። ዊንዶውስ ስለተነሳ ብቻ አይመኑት፤ ያልተረጋጋ ራም ፋይል ያበላሻል።

እስካሁን ያለው ለሁሉም ያው ነው። ባዮስ መግቢያው ቁልፍና የሲሞስ ማጽጃው ፒን ግን እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያሉ፤ አንዳንዱም ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ራሱ ወደ መደበኛው ይመለሳል። ዲዲአር5 ከሆነ ደግሞ ቅንብር ከተቀየረ በኋላ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየተለማመደ ነውና ቶሎ አያጥፉት።