«መኖር ማለት መታየት ነው» ሲባል ስለ ፖስት አይደለም ጎበዝ

«መኖር ማለት መታየት ነው» የምትለዋን አባባል አንዳንዴ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሳያት ይገርመኛል፣ የሚጠቀሟት ሰዎች እኮ «ፖስት ካላደረግክ የለህም» ለማለት ነው፣ ሰርግህን ካለቀቅከው አላገባህም፣ ጂም ሄደህ ስቶሪ ካልሰራህ ላብህ አይቆጠርም ምናምን። አባባሏን ያመጣት ሰውዬ ግን እንኳን ስለ ላይክ፣ ስለ ሰው ራሱ አላወራም። ያወራው ስለ ጠረጴዛና ስለ ፖም ነው።

ጆርጅ በርክሌይ ይባላል፣ አየርላንዳዊ ፈላስፋ ነው፣ በ1685 ተወልዶ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ኋላ ጳጳስ የሆነ ሰው፣ አንግሊካን ስለሆነ ሚስትም ነበረችው ግር እንዳይላችሁ። ካሊፎርኒያ ያለችው በርክሌይ ከተማም ስሟ ከሱ ነው የመጣው። አባባሏ ያለችው ስለ ሰው ልጅ እውቀት መሰረቶች በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ ያኔ ገና 25 አመቱ ነበር። በላቲን «ኤሴ ኤስት ፔርኪፒ» እየተባለች ትጠቀሳለች፣ እሱ ግን ዐረፍተ ነገሩን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ሁለቱን ቃል ብቻ ላቲን አድርጎ። «መታየት» ማለታችንም ትንሽ ያጠብባታል፣ በአይን ብቻ ሳይሆን በጆሮ በአፍንጫ በምላስ በእጅም መታወቅ ማለት ነው፣ ግን ያ ለአባባል ይረዝማል።

አሁን ትርጉሙ። ከሱ በፊት ጆን ሎክ የሚባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ምን አለ፣ የነገሮች ቅርጽና ስፋት እቃው ላይ ያለ ነው፣ ቀለም ጣዕም ሙቀት ግን እኛ ላይ ነው የሚፈጠረው አለ። ቤታችሁ ሞክሩት፣ አንድ እጃችሁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩትና ሁለቱንም አንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቷቸው፣ ያው አንድ ውሃ ለአንዱ እጅ ይሞቃል ለሌላው ይቀዘቅዛል። ውሃው በአንዴ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ሙቀቱ ያለው እኛ ጋ ነው። በርክሌይ ይሄን ሲሰማ እሺ አለ፣ ታዲያ ቅርጽና መጠንስ በምን ይለያሉ? ከቅርብ ትልቅ የሆነው ከሩቅ ያንሳል፣ ለኛ የማትታየን ትንሽዬ ተባይ የራሷን እግር ስታይ ደህና አርጎ ትልቅ ነው የሚመስላት። በሎክ መንገድ ከሄድክ ሁሉም እኛ ጋ ነው ማለት ነው። ከፖሙ ላይ ቀለሙን፣ ጣዕሙን፣ ሽታውን፣ ቅርጹን፣ ጥንካሬውን አንድ በአንድ ብታነሳ ከስር የሚቀር ነገር አለ? ፈላስፎቹ «ቁስ አካል» የሚሉትን ያን ቀሪ ነገር ማንም አይቶት ነክቶት አያውቅምና የለም አለ።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። በርክሌይ ፖሙ የለም አላለም! ፖሙ አለ፣ ይበላል፣ ይጣፍጣል። የለም ያለው ከጣዕሙና ከቀለሙ ጀርባ ተደብቋል የተባለውን ነገር ነው፣ እንደውም ራሱን የተራ ሰው ጠበቃ አርጎ ነበር የሚያየው፣ ገበሬው የሚያየውን ነገር ነው እውነት የሚለው፣ ሊቃውንቱ ናቸው የማይታይ ነገር የፈጠሩት ባይ ነው።

ለዚህ ነው የእንግሊዛዊው ጸሐፊ የሳሙኤል ጆንሰን እርግጫ ሁሌ የሚያስቀኝ። በ1763 ነው፣ በርክሌይ ከሞተ አስር አመት አልፎታል፣ ጆንሰንና ወዳጁ ቦስዌል ሃርዊች ከምትባል ከተማ ከቤተክርስቲያን ወጥተው ስለዚሁ ሃሳብ ሲያወሩ ቦስዌል ውሸት መሆኑን ብናውቅም ማፍረስ አይቻልም አለ፣ ጆንሰን ደሞ ትልቅ ድንጋይ ባለ በሌለ ሀይሉ ረግጦ «እንዲህ ነው የማፈርሰው» አለ። ሰው ሲሰማው ያጨበጭባል፣ ግን ምን አፈረሰ? እግሩ ላይ የተሰማው ጥንካሬና ህመም እኮ በርክሌይ አለ የሚለው ነገር ነው።

ደሞ አባባሏ የምትሰራው ለማያስቡ ነገሮች ብቻ ነው። የሚያስብ መንፈስ፣ ማለትም ሰው፣ መኖሩ በመታየቱ ሳይሆን በማየቱ ነው ይላል፣ ለዛ ሌላ የላቲን ቃል አለው፣ ፔርኪፔሬ። ስለዚህ ስልኩን አጥፍቶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መንገደኛ የሚያይ ሰውዬ በበርክሌይ ሂሳብ በደንብ አለ፣ ሰልፊው ነው የሚያጠራጥረው።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛው ይጠፋል ወይ ለሚለውም መልስ ነበረው፣ ሁሌ የሚያይ እግዚአብሔር አለ፣ ስለዚህ አይጠፋም። ጳጳስ መሆኑ እዚህ ጋ ጠቀመው እላለሁ፣ እግዚአብሔርን ካወጣህበት ሃሳቡ ይንገዳገዳል።

እኛ አገር ይሄ ነገር ሌላ ታሪክ አለው። እንደ በርክሌይ ያለው አስተሳሰብ አይዲያሊዝም ይባላል፣ በአማርኛ ሃሳባዊነት እንለዋለን፣ ብዙ ሰው ቃሉን የሰማው ግን ከፍልስፍና ክፍል ሳይሆን ከአብዮቱ ዘመን የማርክሲዝም ትምህርት ነው፣ ዓለም በሁለት ተከፍላ፣ ቁስ አካላዊ የሆነው ተራማጅ፣ ሃሳባዊ የሆነው አድሃሪ። ይሄን ክፍፍል ካስፋፉት አንዱ ሌኒን ነው፣ በ1909 ባወጣው መጽሐፍ ገና ከመግቢያው በርክሌይን ይዞ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ አየርላንዳዊው ጳጳስ ፖሙን ይዞ አዲስ አበባ የገባው እንደ ስድብ ሆኖ ነው፣ ምን እንዳለ ሳይነበብ።

አውሮፓም ቢሆን ብዙ አልተመቸውም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 ትልቁን መጽሐፉን ሲያወጣ ገምጋሚዎች ይሄማ በርክሌይ ነው ሲሉት በጣም ተናዶ በ1783 ሌላ መጽሐፍ ጽፎ እኔ እሱን አይደለሁም አለ። በ1903 ደሞ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ ኢ ሙር ሰማያዊን ማየትና ሰማያዊው ራሱ ሁለት ነገር ናቸው፣ እናንተ ሃሳባዊዎች አደባለቃችሁት ብሎ ይቺኑ አባባል አጠቃት፣ ለኔ ከእርግጫው በብዙ የሚሻል መልስ እሱ ነው። አሁን አሁን «የምንኖረው ኮምፒውተር ሲሙሌሽን ውስጥ ነው» የሚሉትን ሰዎች በርክሌይ ናቸው የሚል አለ፣ አይደሉም፣ እነሱ ከጀርባ ሰርቨር አለ ይላሉ፣ ሰርቨር ደሞ ያው ቁስ አካል ነው።

በ1950 አካባቢ አይንስታይን አብርሃም ፓይስ ከሚባል የፊዚክስ ሰው ጋር ወክ እያደረጉ ነበር፣ የኳንተም (የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ) ነገር እያወሩ፣ ድንገት ቆመና ዞሮ ጨረቃ የምትኖረው ሳያት ብቻ ነው ብለህ ከልብህ ታምናለህ ወይ አለው። ፓይስ እንደጻፈው የቀረውን መንገድ የጨረሱት ለፊዚክስ ሰው «መኖር» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሲከራከሩ ነው።