ፕሮክሲ ምንድን ነው? የጥንቱን ዝናብ ማንም አልለካውም

ስለ ጥንታዊ የአየር ንብረት በሚጻፉ ጽሑፎችና፣ ይባስ ብሎም ለድኅረ ምረቃ ምርምር በሚቀርቡ ዕቅዶች ውስጥ፣ «ፕሮክሲ» የዝናብ መለኪያ ሌላ ስም እየሆነ መጥቷል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ከደቡብ ኢትዮጵያው ጨው ባሕር ደለል የተገኘውን የፖታሲየም ግራፍ የ620,000 ዓመት የዝናብ ልኬት አድርገው አቀረቡት፤ ፖታሲየሙ ከፍ ባለበት ዘመን ዝናቡም ከፍ ብሎ ነበር ሲሉም ደመደሙ። ግራፉ የዝናብ ልኬት አይደለም፤ አቅጣጫውንም ገልብጠው ነው ያነበቡት።

ፕሮክሲ የአየር ንብረቱ በሌላ ነገር ላይ የተወውና ዛሬ ልንለካው የምንችለው አሻራ ነው። የአበባ ብናኝ፣ የቅጠል ሰም፣ በዋሻ የሚያድግ የኖራ ድንጋይ፣ በደለል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር፣ ሁሉም አሻራዎች ናቸው። የምንለካው አሻራውን ሲሆን፣ ዝናቡ የትርጓሜ ውጤት ነው።

አንድ ሰው የጓሮ አመድ ክምርን ብቻ አይቶ ቤተሰቡ በየዓመቱ ስንት እንጀራ እንደጋገረ ሊነግረን ቢሞክር፣ አመዱ የሚመሰክረው ስለነደደው ነገር እንጂ ስለ እንጀራው እንዳልሆነ እናስታውሰዋለን። ኩበት ከእንጨት ይልቅ ብዙ አመድ ይተዋል። ነፋስ ከላይ ያለውን ጠርጎ ሲወስድ የዓመታት ታሪክ ይጎድላል፤ በሐይቅ ደለልም እንዲሁ ይሆናል። ዶሮዎች የጫሩት ክምር የአምናውን ከዘንድሮው ያደባልቃል፤ በሐይቅ ወለል ይህን የሚያደርጉት በጭቃው የሚኖሩ ትሎች ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ግን ቤተሰቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛበት ዓመት ነው፤ እንጀራው ሳይቀንስ አመዱ ይቆማል። በአሻራውና በአየር ንብረቱ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ በዘመናት ሊለወጥ እንደሚችል ብዙ የምርምር ዕቅዶች አያነሡም።

ወደ ጨው ባሕር ስንመለስ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከዚያ የተቆፈረው የደለል ናሙና 280 ሜትር ያህል ይረዝማል። ተፋሰሱ ዝግ፣ ማለትም ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የሌለው በመሆኑ፣ በድርቅ ዘመን ውኃው ሲተን ጨዋማና አልካላይን ይሆናል፤ በዚህ ውኃ ውስጥ የሸክላ ማዕድናት ፖታሲየምን ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ። ስለዚህ እዚያ የፖታሲየም መብዛት የሚነበበው እንደ ድርቀት ነው። በጣና ደለል ላይ ደግሞ ቲታኒየም ሲበዛ በጎርፍ የታጠበ አፈር ወደ ሐይቁ መግባቱን፣ ማለትም እርጥበትን፣ ያመለክታል ተብሎ ይተረጎማል። ሁለቱንም ንጥረ ነገሮች አንድ ዓይነት የኤክስሬይ መሣሪያ ያነባቸዋል፤ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። በጣናም ቢሆን ነገሩ እንደ አፉ ቀላል አይደለም፤ ሐይቁ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ ስለነበር፣ የዳርቻው መራቅና መቅረብ ብቻውን ወደ መካከሉ የሚደርሰውን አፈር ይለውጣል።

ማንም ባይጠይቀኝም የዘመን ስሌትን ሳላነሣ አላልፍም። በሕያዋን ቅሪት ውስጥ ባለው ካርቦን ዕድሜ የሚለካው የራዲዮካርቦን ዘዴ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይዘልቅም፤ ከዚያ በታች፣ በማዕድን ውስጥ በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ዕድሜን በሚያሰላው ዘዴ፣ የምንመካው በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው (ይህኛው አመድ ምሳሌ አይደለም)። በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ያለው ዕድሜ ግምት ነው። በጨው ባሕር አንድ ሳንቲሜትር ደለል በአማካይ ወደ 22 ዓመት ስለሚወክል፣ ስለ አንድ የተወሰነ ክረምት የሚናገር ሰው ከናሙናው ያላገኘውን እየተናገረ ነው።

የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ዕድል የሚፈልግ ተማሪ አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር አይጠበቅበትም። የጨው ባሕር ናሙና የተቀመጠው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ነው፤ «ፓንጌያ» በተባለው የመረጃ ቋትም የብዙ ሐይቆች መረጃ በነጻ ይገኛል። የሰው ያለህ የሚባለው አሻራውን ከዛሬው ጋር በማመሳከር ሥራ ላይ ነው፤ ዛሬ በሚታወቅ ዝናብ ሥር በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ያለው አፈር፣ ቅጠልና ውኃ ምን ዓይነት አሻራ እንደሚተው መለካት ማለት ነው። ዕቅድ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው፣ ሁለት አሻራዎች ቢቃረኑ ተማሪው የትኛውን፣ በምን ምክንያት እንደሚያምን የጻፈበትን አንቀጽ ነው።