ሳዋቺ ሂሳኤ፦ የጦርነት ሙታንን በስም የመዘገቡት ጃፓናዊት

ጃፓን ውስጥ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ግን የጄኔራሎችና የመርከቦች ታሪክ ነው። ሳዋቺ ሂሳኤ የጠየቁት ሌላ ነው። ማን ሞተ? ስንት ዓመቱ ነበር? ቤቱ ማንን ጥሎ ሄደ?

የተወለዱት በ1930 ቶክዮ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገና በልጅነታቸው ቤተሰቡ ያኔ በጃፓን እጅ ወደነበረችው የሰሜን ምሥራቅ ቻይናዋ ማንቹሪያ ሄደና ጂሊን ከተማ አደጉ። ጦርነቱ ሲያበቃ 14 ዓመታቸው ነበር። የአገራቸውን ድል ከልብ የሚያምኑ ልጅ ነበሩ፤ ይህን ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል። ከሽንፈቱ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ በስደተኝነት ቆይተው በ1946 ጃፓን ገቡ።

ኑሮ ቀላል አልነበረም። ቀን ቹኦኮሮን በተባለው አሳታሚ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እየሠሩ ማታ ማታ ተማሩ፤ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲንም የጨረሱት በማታው ክፍል ነው። በኋላ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆኑ። በ1963 ሥራውን ለቀቁና የልብወለድ ደራሲው ጎሚካዋ ጁንፔ ስለ ጦርነቱ ለሚጽፈው ረጅም ሥራ ሰነድ ፈላጊ ሆኑ። ሰነድ ማገላበጡን የለመዱት እዚያ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1972 ወጣ። በየካቲት 1936 ወጣት መኮንኖች ቶክዮ ውስጥ መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ መሪዎቹም ተረሸኑ። ስለ መኮንኖቹ ብዙ ተብሏል። ሳዋቺ ግን የሄዱት ወደ ሚስቶቻቸው ነው። ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው መበለት የሆኑ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ዞር ብሎ ያያቸው ብዙም አልነበረም።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሚድዌይ ነው። በሰኔ 1942 ከአሜሪካ ጋር በተደረገው በዚህ የባሕር ውጊያ ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጥታለች። ይህን የማያውቅ የታሪክ ወዳጅ የለም። የሞተው ሰው ግን ስንት ነው? ሳዋቺ ሰነድ አገላበጡ፣ በሁለቱም አገር ላሉ ቤተሰቦች ደብዳቤ ጻፉ፣ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ከጃፓን 3,057፣ ከአሜሪካ 362 ሰው። አሜሪካውያኑን መጨመራቸው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጠላት የተባለውን ሟች ከራስ ሟች ጋር አንድ መዝገብ ላይ ማስፈር በየትኛውም አገር የተለመደ ነገር አይደለም። መጽሐፉን እንደ ልብወለድ አንድ ቁጭታ ላይ የሚጨርሰው የለም፤ ገጽ በገጽ ስምና ዕድሜ ነው።

በዚሁ ምርምር አንድ የታወቀ ትረካም ተነካ። የጃፓን አውሮፕላኖች ሊነሱ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ነው ቦምቡ የወረደባቸው ይባል ነበር። ዕድል ከዳን እንጂ እናሸንፍ ነበር እንደማለት ነው። ሳዋቺ መዝገቦቹን አመሳክረው አምስት ደቂቃ የሚባል ነገር አልነበረም አሉ። አውሮፕላኖቹ ለመነሳት ገና አልተዘጋጁም። ሽንፈትን በዕድል ማሳበብ ለአዛዦቹ ሳይመች አይቀርም፤ ልጇን ላጣች እናት ግን ምን ይፈይዳል? ለዚህ ሥራ በ1986 የኪኩቺ ካን ሽልማት ተሰጣቸው።

ከመጻፍ ባለፈም ዝም አላሉም። በ2004 የጃፓን ሕገ መንግሥት ጦርነትን የሚከለክለው አንቀጽ 9 እንዳይነካ የሚሟገት ማኅበር ሲቋቋም፣ ከኖቤል ተሸላሚው ኦኤ ኬንዛቡሮ ጋር ከዘጠኙ መሥራቾች አንዷ ነበሩ። በ2015 የጊዜውን ጠቅላይ ሚኒስትር የአቤን መንግሥት የጸጥታ ሕጎች የሚቃወም ሰልፍ ሲጠራ ደግሞ፣ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረውን ገጣሚ ካኔኮ ቶታን መፈክሩን በእጅህ ጻፍልን ብለው ጠየቁት። እሱም ጻፈው፤ ያ ወረቀት በየከተማው ሰልፈኛ እጅ ላይ ታየ።