ስለ ኤጲስ ቆጶስ እጩዎች ጥቆማ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

መንበር ባዶ ሲሆን ወይም አዲስ ሀገረ ስብከት ሲከፈት ሰው ሁሉ የሚያወራው ማን እንደሚሾም ነው። ማን እንደሚጠቁምና እንዴት እንደሚጠቆም ግን ብዙም አይነገርም። በዚህ የተነሣ ደህና አባቶች ስማቸው ሳይነሣ ይቀራል፤ ያልተገባቸው ደግሞ ጠያቂ አጥተው ያልፋሉ።

«ምእመን ምን አገባው? ይህ የጳጳሳት ጉዳይ ነው»

ሥልጣነ ክህነቱን የሚሰጡት ጳጳሳት ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለም። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በአራተኛው ቀኖናው፣ አዲሱን ኤጲስ ቆጶስ የሚሾሙት በአካል የተገኙ ቢያንስ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት እንዲሆኑ፣ ያልተገኙትም ስምምነታቸውን በጽሑፍ እንዲልኩ ደንግጓል። ስም ማቅረብ ግን ሌላ ሥራ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱን ዲያቆናት መርጦ ያቀረበው ሕዝቡ ነው፤ እጃቸውን የጫኑት ሐዋርያት ናቸው።

የምእመኑ በር ስፋቱ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይለያያል። የአንግሊካን ወገን በሆነችው በአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ለሀገረ ስብከቱ አስመራጭ ኮሚቴ ስም መላክ የሚችልበት አሠራር የተለመደ ነው። በአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ላያስፈልግ ይችላል፤ የመጀመሪያው ዙር ድምፅ ራሱ ጥቆማ ሆኖ ያገለግላል፤ በዚያው ዙር ለመመረጥ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያሻል። በግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርክ እጩ የሚቀርበው በስድስት ጳጳሳት ወይም በምእመናን ጠቅላይ ምክር ቤት አሥራ ሁለት አባላት ነው፤ ስለዚህ ተራው ምእመን ሐሳቡን የሚያደርሰው በእነርሱ በኩል ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሕዝብ ምርጫ የለም፤ የቫቲካን እንደራሴ ካህናትንና አስተዋይ ምእመናንን በምስጢር ይጠይቅና የሦስት ሰዎች ስም ወደ ሮም ይልካል፤ የሚሾሙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ናቸው። ስለዚህ ጠቋሚ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት በራሱ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ጥቆማው በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። በተሳሳተ በር የገባ ደብዳቤ፣ ምንም ያህል እውነት ቢይዝ፣ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

«ብዙ ፊርማ ያሰባሰበ ያሸንፋል»

ጥቆማ በአብዛኛው ምስክርነት ነው፤ ድምፅ አይደለም። ከጥቆማው በኋላ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ደንብ ማጣራት፣ ቃለ መጠይቅ፣ የተቃውሞ ጊዜ፣ የመጨረሻ ዝርዝር፣ ምርጫ፣ ከዚያም ሢመት አለ። ድምፅ እንኳ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ሦስት የፓትርያርክ እጩዎች ለዕጣ ሲቀርቡ፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከመንበረ ታቦቱ ያወጣው ስም በድምፅ ሁለተኛ የነበሩት የአቡነ ታዋድሮስ ነበር።

አንድ ዓይነት ቃል የተባዛባቸው መቶ ደብዳቤዎች ለአጣሪ የሚነግሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኋላ ቀስቃሽ እንዳለ። እጩውን በተለያየ ቦታና ጊዜ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ የጻፉት ከዚያ ይበልጣል። ደንቡ የተወሰነ ቁጥር ፊርማ ከጠየቀ ቁጥሩን ማሟላት ግድ ነው፤ ከዚያ በላይ መሰብሰብ ግን ክብደት አይጨምርም።

«ጥሩ ሰባኪ ከሆነ ይበቃል»

ይህ በጣም የተስፋፋውና ጉዳቱ የከፋው ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 ላይ ለማስተማር መብቃት ከረጅሙ ዝርዝር አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ስለ ጠባይ ይናገራል፦ ልከኛ፣ ገንዘብን የማይወድ፣ የማይከራከር፣ አዲስ ክርስቲያን ያልሆነ፣ በውጭ ባሉት ሰዎች ዘንድ እንኳ መልካም ምስክር ያለው። ጠቋሚ ሊያይ የሚገባው ከዐውደ ምሕረት ውጭ ያለውን ነው፦ በእጁ ያለፈው ሒሳብ እንዴት ተዘጋ? የተጣሉ ካህናትን ሲዳኝ ወደ ማን አደላ? ሲታረም ምን አደረገ?

አንዳንዶች የሚላኖውን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ374 ሕዝቡ ሲመርጠው ገና አልተጠመቀም ነበር። ይሁን እንጂ የኒቅያ ጉባኤ አዲስ አማኞችን ቶሎ መሾምን የከለከለው ከዚያ 49 ዓመት ቀድሞ ነው፤ ለአንድ ሰው የሆነ ለሌላው ደንብ አይሆንም።

መመዘኛውን ሳያዩ የመጡ ጥቆማዎች በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃሉ። በኦርቶዶክስ ትውፊት ኤጲስ ቆጶስ ከመነኮሳት ነው፤ ባለትዳር ቄስ መጠቆም ድካም ብቻ ነው። በካቶሊክ ቢያንስ 35 ዓመት ዕድሜና አምስት ዓመት ቅስና፣ በአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት 30 ዓመት፣ ለኮፕቲክ ፓትርያርክነት 40 ዓመትና 15 ዓመት የምንኩስና ሕይወት ይጠየቃል።

«ጥቆማ ማለት ስም መላክ ነው»

ስም ብቻ ከሆነ አጣሪው ሰውየውን ለይቶ ላያገኘው ይችላል። በተለይ በመነኮሳት ዘንድ አንድ ስም ለብዙዎች ይሰጣል። ስለዚህ የምንኩስና ስምና የቀድሞ ስም፣ የመነኮሱበት ገዳም፣ ማዕርግ፣ አሁን የሚያገለግሉበት ቦታ አብረው ይጻፉ። ቀጥሎ የትምህርትና የአገልግሎት ታሪክ ከነዓመቱ፣ ጠቋሚው እጩውን የሚያውቅበት ሁኔታና ለስንት ጊዜ፣ ከዚያ ያየው ነገር። «ትጉህ፣ ትሑት፣ መንፈሳዊ አባት ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል ምንም አይመሰክርም። «አስተዳዳሪ ሳሉ የደብሩን ሒሳብ በውጭ ኦዲተር አስመርምረው ውጤቱን ለሰበካ ጉባኤው አነበቡ» የሚለው ግን ሊጣራ ይችላል።

ጉድለት ካለም ይጻፍ፤ የጤና ችግር ወይም ከዚህ ቀደም የተነሣ ክስ በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማ የጠቋሚውን ቃል ሁሉ ያጠራጥራል። ዝምድና ካለ በግልጽ ይነገር። ሊጠየቁ የሚችሉ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ ከእጩው ጋር በሐሳብ የማይስማማ፣ ከነአድራሻቸው ይካተቱ። መጨረሻ ላይ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ደብዳቤው በአንድ ገጽ ተኩል ቢያልቅ ይነበባል። በእጅ ከቀረበ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ቅጂ ይያዝ፤ ከቀነ ገደብ በኋላ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው «ልኬ ነበር» የሚል ነው።

«እጩው ማወቅ የለበትም»

እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በካቶሊክ ምርመራው በምስጢር ይካሄዳል። በአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ግን ሰውየው ራሱ ካልተስማማ ወደፊት አይሄድም፤ የጀርባ ታሪክና የሥነ ልቡና ምርመራም ይጠብቀዋል።

«የራሳችን ሰው ቢሾም ምን አለበት?»

የሐዋርያት ቀኖናት ሹመትን በገንዘብ መግዛትን፣ በዓለማዊ ባለሥልጣን ኃይል መንበር መያዝን፣ ጳጳስም መንበሩን ለዘመዱ ማውረስን ይከለክላሉ። የመንጋውን ቋንቋ ማወቅ ተገቢ መመዘኛ ነው፤ ያለ ቋንቋ ማስተማርም ማጽናናትም የለም። የትውልድ መንደር ግን መመዘኛ አይደለም። ደብዳቤው «የአካባቢያችን ልጅ» ብሎ ከጀመረ አንባቢው የቀረውን በጥርጣሬ ያነባል፤ ልክም ነው።

«ተቃውሞ ያለው በማኅበራዊ ሚዲያ ይጻፍ»

ተቃውሞ እንደ ጥቆማው ፊርማ፣ ቀንና ማስረጃ ይፈልጋል፤ የሚቀርበውም በተከፈተለት ጊዜ ለአጣሪው አካል ነው። በአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት የምርጫውን ሂደት የሚቃወሙ፣ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ከሰጡት ቢያንስ አሥር በመቶ የሚሆኑ ከሆነ፣ ከምርጫው በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቀርባሉ። ስም የሌለው ወሬ በበይነ መረብ ሲበተን ንጹሑን ያቆስላል፤ ጥፋተኛውንም «ስም ማጥፋት ነው» ብሎ እንዲያመልጥ ይረዳዋል። አንድ ነገር ግን ቀነ ገደብ አይጠብቅም፦ በሕፃን ወይም በሴት ላይ የተፈጸመ ጥቃት የሚያውቅ ሰው የተቃውሞ ጊዜ እስኪከፈት ሳይጠብቅ ለፖሊስም ለቤተ ክርስቲያኑ የበላይ አካልም ወዲያው ያመልክት።